የአሮጌው ስቴሪዮ ፊትና ጀርባ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ጥቅሙን ያላወቁት ዕቃም ሲጠፋ አያሳዝንም። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሰው ከሚቀመጡት ዕቃዎች አንዱ አሮጌው ስቴሪዮ ሬድዮ ነው። ፊቱ በቁልፍና በቁጥር፣ ጀርባው በቀዳዳና በብሎን የተሞላ፣ ክብደቱም የሚያስቸግር ስለሆነ፣ የቤቱ ልጆች «ምን ያደርግልናል?» ይሉና ለቁራሌው በብረት ዋጋ ይሰጡታል። አለዚያም አንዱ ደፋር ብድግ ብሎ ከግድግዳው ላይ ይሰካውና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያጤሰዋል። ሁለቱም ጥፋት የሚመጣው ካለማወቅ ነው።

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ነገር ግን ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ የሚነካን ሆኖ አገኘነው። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ የሆነችውን ዘመሮን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በመንዝ የአባት የአያትን ስም ቆጥሮ የዘር ሐረግን ማስረዳት ርስት የሚጠየቅበት ትልቅ ዕውቀት ነበር። ሙሾው፣ ቀረርቶው፣ ፉከራው፣ የሠርጉ ዘፈን ሁሉ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ስለ መንዝ ገበሬ ኑሮ ብዙ ጽፏል፤ ወረቀት ግን ድምፅን አይዝም። የሽማግሌዎቹ ድምፅ ተቀርጾ ከሆነ የተቀረጸው በካሴት ነው። ካሴቱ ደግሞ በዕድሜ ይደክማል፤ የሚያጫውተውም መሣሪያ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ያንን ድምፅ ከካሴት አውጥቶ ለማዳመጥና ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ይህ የተናቀ ሣጥን ዋና መሣሪያ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ብናገኘው ምን ምን እንደሆነ ለይተን እንድናውቀው የሚከተለውን አቅርበናል።

ስሙና ዘመኑ

ዛሬ «ሪሲቨር» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ከዲሽ ጋር የሚሠራውን የቴሌቪዥን ሣጥን ነው። የእኛው ሪሲቨር ሌላ ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ ሦስት ነገር ተሰብስቧል፦ የመጀመሪያው ጣቢያ የሚይዘው ሬድዮ ነው፤ ሁለተኛው ከሬድዮ፣ ከሸክላና ከቴፕ አንዱን መርጦ ድምፁን የሚያስተካክለው ክፍል ነው፤ ሦስተኛው ድምፁን ስፒከር ለመንዳት እስኪበቃ ድረስ የሚያጎላው ነው። ስፒከሮቹ ለብቻቸው ናቸው። ሁሉንም በአንድ የእንጨት ዕቃ ከያዘው ከሬድዮግራም የሚለየው በዚህ ነው።

ስቴሪዮ ማለት የግራና የቀኝ ድምፅ ተለያይቶ በሁለት መንገድ መሄዱ ነው። ስቴሪዮ ሸክላ በገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ በአሜሪካ የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ሥርጭት የተፈቀደው በ1961 ነው። ስለዚህ «ኤፍ ኤም ስቴሪዮ» የሚል መብራት ያለው ሣጥን ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆኑን እናውቃለን። ውስጡ የብርጭቆ ቱቦ ያለበትና ተከፍቶ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ያህል የሚሞቅ ከሆነ የቀድሞው ዓይነት ነው፤ ወዲያው የሚናገረው ባለ ትራንዚስተር ነው። የአራት ስፒከር ድምፅ የሚል ጽሑፍ ካለበት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ማራንትዝ፣ ፊሸርና ስኮት የአሜሪካ፣ ፓዮኒር፣ ሳንሱይና ኬንዉድ የጃፓን፣ ግሩንዲግና ቴሌፉንከን የጀርመን፣ ፊሊፕስ የሆላንድ ስሞች ናቸው። የትውልድ አገሩን ማወቅ ያስፈለገበት ምክንያት ኤሌክትሪኩም፣ የሽቦው ቀዳዳም፣ የሬድዮው ሞገድም እንደ አገሩ ስለሚለያይ ነው።

በአገራችን የሬድዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. ከአቃቂ ነው። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬድዮ ሥራ ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የራሱን የሸክላ ድርጅት አቁሞ የዘመኑን ዘፋኞች ማሳተም ጀመረ። በዚያ ጊዜ ከወጡት የአማርኛ ሸክላዎች የሚበዙት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ነበሩ። ኋላም ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው። አሮጌው ሣጥን ከነዚህ ዘመናት የተረፈ ምስክር ነው።

አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ዕቃንም ሕይወትንም የሚያጠፋው ይኸው ነውና። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ሣጥን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ ለጃፓን አገር ቤት የተሠራው 100 ቮልት ይፈልጋል። ለአውሮፓ የተሠራው በአብዛኛው ለኛ ይስማማል።

ምልክቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ቮልቱን ይናገራል። ሁለተኛ፣ የሽቦው ስፒና ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ያለው ከሆነ የአሜሪካ ወይም የጃፓን መሆኑን መጠርጠር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሱቅ የሚገዛው ትንሽ መቀየሪያ የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። የ120 ቮልት ዕቃ በ220 ቢሰካ፣ ሙቀቱ የሚጨምረው በቮልቱ ልክ ሳይሆን ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ በመሆኑ፣ ቢያንስ ከሦስት ጊዜ በላይ ይሞቃል። ጢሱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንዳንዱ ሣጥን ከጀርባው 110፣ 120፣ 220፣ 240 የሚል መምረጫ አለው። ከነቀሉ በኋላ ወደ 220 ማዞር ይበቃል። ይሁን እንጂ ቮልቱ ከ120 ወደ 220 ሲወጣ የፊውዙ አምፔር በግማሽ ያህል መቀነስ ስለሚገባው በጽሑፉ ላይ ያለውን መመልከት ያሻል። የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ግን ቤትን ለእሳት መስጠት ነው። መምረጫ የሌለው የአሜሪካ ሣጥን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ሣጥኑ 200 ዋት የሚወስድ ቢሆን ትራንስፎርመሩ 300 ዋት ቢሆን ይመረጣል።

ትራንስፎርመር ቮልትን እንጂ ኸርዝን እንደማይቀይርም ማወቅ ያስፈልጋል። ሬድዮው ጥቂት ቢሞቅ እንጂ በዚህ ብዙ አይጎዳም። የአሜሪካው ሸክላ ማጫወቻ ግን ሞተሩ ፍጥነቱን ከመስመሩ ኸርዝ የሚወስድ ከሆነ፣ 33⅓ ዙር መዞር የሚገባው ወደ 27.8፣ 45 የሚገባው ወደ 37.5 ይወርዳል። ዘፈኑ ይጎተታል፤ የሴቷ ድምፅ ወደ ወንድ ድምፅ ይጠጋል። ይህ የመርፌው ወይም የሸክላው ብልሽት አይደለም።

ብዙ ዓመት ተኝቶ የቆየ ሣጥን በድንገት አይሰካም። እንደ መንዝ ባለው ብርዳም ደጋ ከቀዝቃዛ ጎተራ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ዕቃ ላብ ያወጣልና ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። አይጥ ሽቦውን በልቶት እንደሆነም ይታይ። ከዚያም ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ባለ ሽቦ አምፑል፣ 100 ዋት የሆነውን፣ በመስመሩ መካከል በተከታታይ አስገብቶ ቢከፍተው መልካም ነው። አምፑሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ግን ውስጡ ተገናኝቷል ማለት ነውና ወዲያው ይነቀል። አዲሱ ኤል ኢ ዲ አምፑል ለዚህ አይሆንም። ክዳኑንም ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይክፈተው፤ በውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ከተነቀሉ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

የጀርባው ቀዳዳዎች

1ኛ. የስፒከር ማሰሪያ። ግራና ቀኝ፣ ቀይና ጥቁር ሆኖ ይገኛል። በሁለቱም ስፒከር ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይታሰር፤ አንዱ ቢገለበጥ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። የተላጠው ሽቦ ጭራ ከጎረቤቱ ጋር ቢነካካ ባለ ትራንዚስተሩን ያቃጥለዋል። በአንጻሩ ባለ ቱቦው ሣጥን ስፒከር ሳይታሰርለት ቢከፈት የመውጫው ትራንስፎርመር ሊበላሽ ይችላል። «ኤ» እና «ቢ» የሚሉ ሁለት ጥንዶች ካሉ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መክፈት ሸክሙን ያከብደዋል፤ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉና ከጀርባ የተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ይታይ። ለሠርግ የሚከራየውን ሞንታርቦ በዚህ ሣጥን እነዳለሁ ማለትም በአህያ ላይ የግመል ጭነት መጫን ነው።

2ኛ. «ፎኖ»። ይህ የሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው። ከመርፌው የሚመጣው ኃይል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ይህ ቀዳዳ ድምፁን እጅግ ያጎላዋል፤ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅም መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ስልክ ወይም ቴፕ እዚህ ቢሰካ ድምፁ ይፈነዳል፤ ይደበላለቃል። ከአጠገቡ ያለችው ብቸኛ ብሎን የመሬት መስመር ናት። ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ በርሷ ካልታሰረ እንደ ንብ «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል።

3ኛ. «ኦክስ»። ለማንኛውም ሌላ ነገር ነው። የዛሬው ስልክ፣ ኮምፒዩተር፣ የዲሽ ሪሲቨር የሚገባው እዚህ ነው። ከስልኩ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ሁለት ክብ ጃክ የሚከፈል ገመድ ይበቃል።

4ኛ. «ቴፕ»። ሁለት ጥንድ ነው፤ አንዱ ከቴፕ ወደ ሣጥኑ የሚገባው፣ ሌላው ከሣጥኑ ወደ ቴፕ የሚወጣው። «ኢን» እና «አውት» ወይም «ፕሌይ» እና «ሬክ» ተብለው ይጻፋሉ። የሚወጣው ድምፅ በቮልዩሙም በባሱም ቁልፍ አይነካም፤ ይህን በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

5ኛ. ባለ አምስት ጥርሱ ክብ ቀዳዳ። በአውሮፓ ሣጥኖች ላይ ከአሜሪካና ከጃፓኑ ክብ ጃክ ፋንታ የሚገኘው «ዲን» የሚባለው ነው። ጥርሶቹ በግማሽ ክብ ላይ ሲታዩ ቁጥራቸው 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 በሚል ቅደም ተከተል ነው። መካከለኛው 2 የመሬት መስመር ነው፤ በቴፕ ቀዳዳው 3 እና 5 ከቴፕ የሚመጣውን ግራና ቀኝ ያስገባሉ፤ 1 እና 4 ወደ ቴፕ የሚቀዳውን ያወጣሉ። ከ1 እና 4 የሚወጣው ድምፅ በጣም ደካማ መሆኑ ብልሽት ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው።

6ኛ. «ፕሪ አውት» እና «ሜይን ኢን»። በአንዳንዱ ሣጥን እነዚህ በሁለት የታጠፉ አጫጭር ብረቶች ተገናኝተው ይገኛሉ። ሕፃን ነቅሎ ከጣላቸው ሣጥኑ ይበራል እንጂ ድምፅ አያወጣም።

7ኛ. የኤሌክትሪክ መውጫ። ለሸክላ ማጫወቻ ተብሎ የተሠራ ነው። በአሜሪካ ሣጥን ላይ የሚሰጠው 120 ቮልት ስለሆነ የኛ ዕቃ አይሰካበትም።

የፊቱ ቁልፎች

ቮልዩም፣ ባስ፣ ትሬብል ለሁሉም የታወቁ ናቸው። «ባላንስ» ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ወደ አንድ ወገን ተጠምዝዞ ቢገኝ አንደኛው ስፒከር የሞተ ይመስላል። «ላውድነስ» ቮልዩም ዝቅ ሲል ጆሮ የማይሰማውን ወፍራም ድምፅ ይጨምራል። «ፊልተር» የሸክላን ጭረት ይቀንሳል። «ሞኖ» የሚለው ግራና ቀኙን ያዋሕዳል፤ ለአሮጌ ሞኖ ሸክላና ለደካማ የኤፍ ኤም ጣቢያ ጫጫታውን ስለሚቀንስ ይጠቅማል።

ከሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተው «ቴፕ ሞኒተር» ነው። ይህ ቁልፍ ሲጫን ሣጥኑ ሌላውን ሁሉ ትቶ ከቴፕ የሚመለሰውን ብቻ ያዳምጣል። የተሠራውም ሰው ሲቀዳ የተቀዳውን ወዲያው እንዲሰማ ነው። ቴፕ ሳይታሰር ይህ ቁልፍ ተጭኖ ከተገኘ ሬድዮውም ሸክላውም ዝም ይላሉ፤ «ተበላሽቷል» የሚባለው ሣጥን አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ ይህ ብቻ ነው።

ሬድዮው

በኢትዮጵያ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የሚሠሩት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የጀመረው በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አሮጌው ሣጥን በዕድሜ ከጣቢያዎቹ ይበልጣል። የጃፓን አገር ቤት ሣጥን ከ76 እስከ 90 ብቻ ስለሚሄድ እነዚህን ሁለቱን አይዝም። ከጥንቶቹ የአውሮፓ ሣጥኖች አንዳንዶቹ 100 ላይ፣ ሌሎቹ 104 ላይ ያበቃሉ፤ 100 ላይ የሚያበቃው ሸገርን ሊያሰማን አይችልም። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ እንደ መንዝ ባለ ገደላም አገር በሜዳው አፋፍ ያለ ቤት ሲሰማ ከተረተሩ ጀርባ ያለው ላይሰማ ይችላል። አንቴናው ከጠፋ ሁለት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፣ በ«ቲ» ቅርጽ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ከአንቴናው ማሰሪያ ላይ ቢታሰር ደኅና ይሠራል።

ዝም ሲል

መጠገኛ ቤት ከመሄዳችን በፊት በተራ እንመርምር። መብራቱ በርቷል ወይ? ቴፕ ሞኒተር ተለቋል ወይ? የስፒከር መምረጫው «ኤ» ላይ ነው ወይ? የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ ስፒከሩን ዘግቶት ይሆን? ከጀርባ ያሉት የታጠፉ ብረቶች በቦታቸው አሉ ወይ? አንደኛው ወገን ብቻ ዝም ካለ፣ ሣጥኑ ተዘግቶ የግራና የቀኝ ስፒከሮች ይቀያየሩ። ያው ስፒከር ዝም እንዳለ ከቀጠለ ሕመሙ የስፒከሩ ነው፤ ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተዛወረ ሕመሙ የሣጥኑ ነው። ቁልፍ ሲዞር የሚንኮሻኮሸው በመገናኛው ላይ ዝገት ስላለ ነው። ኤሌክትሪክ ተነቅሎ ቁልፉን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማመላለስ አንዳንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ካልበቃው ባለሙያ ለመገናኛ በተሠራ ማጽጃ ያጽዳው። የወጥ ዘይትና ናፍጣ መቀባት ግን ነገሩን ያብሰዋል። መብራት በሄደ ጊዜም ሣጥኑ ይነቀል፤ ሲመለስ በሚመጣው ኃይል እንዳይመታ ነው።

ድምፁን ማዳን

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። የሽማግሌውን ካሴት ከማጫወት በፊት ከጀርባው ጠርዝ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበሩ፤ ያን ጊዜ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያ ካሴቱ እስከ መጨረሻ ሄዶ ይመለስ፤ የተጣበቀው ይላቀቃል።

ካሴት ማጫወቻው ከ«ቴፕ» ሳይሆን ከ«ኦክስ» ቀዳዳ ይታሰር። ምክንያቱም ከቴፕ የገባ ድምፅ በዚያው በቴፕ መውጫ ተመልሶ አይወጣም። መምረጫው «ኦክስ» ላይ ይሁን። ከዚያ ከቴፕ መውጫው ገመድ ወጥቶ «ላይን ኢን» ወዳለው ኮምፒዩተር ወይም በዩኤስቢ ወደሚሰካ ትንሽ መቅጃ ይግባ። ከላይ እንዳልነው ቮልዩሙ የሚወጣውን ድምፅ ስለማይነካ፣ እኛ በስፒከሩ ዝቅ አድርገን ከቤተ ሰቡ ጋር እያዳመጥን ኮምፒዩተሩ ይቀዳል። ሸክላም ቢሆን «ፎኖ» ላይ ታስሮ በዚሁ መንገድ ይገለበጣል፤ እንዲያውም የሸክላው መርፌ ኃይል ለኮምፒዩተር ስለማይበቃ ይህ ሣጥን ባይኖር ሌላ ማጉያ መግዛት ግድ ይሆን ነበር።

ሲቀዳም የተናጋሪው ስም፣ ቦታው፣ ከታወቀ ዓመቱ ይጻፍ፤ የባለቤቶቹ ፈቃድ ይጠየቅ፤ አንዱ ግልባጭ ከቤተ ሰቡ ዘንድ ይቅር፣ ሌላው በሌላ ቦታ ይቀመጥ። አያት የዘር ሐረጉን ሲቆጥሩ የሚጠሯቸውን ስሞች የሚያውቅ ዘመድ በሕይወት ሳለ አብሮ ቢያዳምጥ፣ ያልገባንን ሊያስረዳን ይችላል። ይህ ዕድል ደግሞ ካሴቱን አይጠብቅም።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል ያገራችን ሰው። የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን በቤታችንና በጎረቤታችን እንዲህ ያለ ሣጥን መኖር አለመኖሩን እንጠይቅ፤ ብናገኘው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እናንብብ፤ ቁራሌው ከመድረሱ በፊትም በካሴቶቹ ላይ ማን እንደሚናገር እንወቅ። ስንመለስ ከየአውራጃችን አንድ አንድ ካሴት ገልብጠን ብንመጣ፣ ለቋንቋና ለታሪክ ጥናታችን ከመጽሐፍ ቤት የማናገኘውን ጽሑፍ ይዘን ገባን ማለት ነው።